ጋሽ አራጋውና የጠገበው ከሰል

ጋሽ አራጋው መሞታቸውን የነገረኝ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ጋሸና ላይ ጥብስ ስንበላ። አፉ ጉርሻ እንደያዘ፣ ያ የከሰሉ ሰውዬ ኮን ከተማ ተቀበሩ አሉ ብሎኝ ወደ ሚጥሚጣው ተመለሰ። ምን ሆነው ነው ብዬ ስጠይቀው ትከሻውን ሰብቆ አርጅተው ነው አለኝ። አላመንኩትም። ጋሽ አራጋው በእርጅና የሚሞቱ ሰው አልነበሩም። እርጅና ራሱ መጥቶ በራቸውን ቢያንኳኳ፣ መጀመሪያ እጅህን ታጥበሃል ወይ ብለው የሚጠይቁ፣ ቀጥለው ደግሞ በምን ውሃ እንደታጠበ የሚመረምሩ ሰው ነበሩ።

ጥብሱን ግን ጨረስኩት። ሐዘን ሲይዘኝ እበላለሁ፤ ለእናቴ ለቅሶ የመጣውን እንጀራ ግማሹን የበላሁት እኔ ነኝ።

ወሬ ታጋንናለህ ይሉኛል። እውነት ነው፤ ያልተጋነነ ወሬ ጨው እንደሌለው ወጥ አይዋጥልኝም። ስለ ጋሽ አራጋው ለማውራት ግን ማጋነን አያስፈልገኝም። ሰውየው ሲፈጠሩም ተጋንነው ነው የተፈጠሩት። ቁመታቸው የስልክ እንጨት ነበር። ግራጫ ጋዋን ይለብሳሉ፤ ቅዳሜም፣ ዓመት በዓልም፣ ለቅሶ ቤትም። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የደረት ኪሳቸው ላይ የብርጭቆ ቱቦ ይሰካሉ። የትም ይግቡ የት፣ የሚጠጣ ነገር ሲቀርብላቸው በቱቦው ይቀዱና ወደ ፀሐይ አንስተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። አንድ ሰርግ ላይ የቀረበላቸውን ጠላ እንደዚያ ሲያዩ የሙሽራው አባት ዱላ ይዞ ተነስቶ፣ ሽማግሌ ነው መሀል የገባው። ጋሽ አራጋው ግን ጠቡን አላዩትም፤ ቱቦውን ነበር የሚያዩት።

ሰላምታቸው "ውሃችሁ እንዴት ሰነበተ?" ነው። ስድባቸው ደግሞ አንዲት ቃል ናት፤ "ቅጠል።" የቢሮው ኃላፊም ቅጠል ነው፣ የሒሳብ ሹሟም ቅጠል ናት፣ እኔማ ከሁሉም የበሰበስኩ ቅጠል ነኝ። ለምን ቅጠል እንደሆነ ለመናገር ስለ ውሃችን ማውራት አለብኝ።

ከተማችን ከላሊበላ ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ስሟን አልጠራም፤ የሚያልፈው ቱሪስት ጠይቆ አያውቅም፣ እኔም ሳልጠየቅ አልናገርም። ምንጫችን ከገደል ሥር ይፈልቃል። ከገደሉ በላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጥድና ወይራ አለ። ያ ሁሉ ቅጠል እየረገፈ፣ እየበሰበሰ፣ ዝናብ እያጠበው ወደ ምንጩ ይወርዳል። በቧንቧ ሲመጣ ውሃው ሻይ ይመስል ነበር። እንግዳ ውሃ ሲጠይቀን ስኳር ጨምረን ብንሰጠው መርቆን በሄደ። እኛም እንኮራበት ነበር። ከታቦቱ ደን የወረደ ነው፣ ቀለሙም በረከት ነው እንል ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ክሎሪን ሲጨመርበት ነው። እኔ ያኔ የውሃ ቢሮው ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ፤ በየቤቱ ስዞር የሰማሁት ስድብ ለአንድ ክፍለ ጦር ይበቃል። ውሃው በረኪና በረኪና ሸተተ። ሰው በጀሪካን ቀድቶ አሽትቶ ይደፋዋል፣ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ከወንዝ ይቀዳል። ወንዙ ደግሞ ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ሌላም የሚደረግበት ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ሕፃናት በተቅማጥ ያልቃሉ። ቢሮው መፍትሔ ብሎ ክሎሪኑን ጨመረ። ሽታውም ጨመረ፣ ወንዝ የሚወርደውም ጨመረ።

ጋሽ አራጋው የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ኬሚስትሪ የተማሩ፣ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ውሃ ሲያጣሩ የኖሩ፣ ትዕቢታቸውን ከኮምቦልቻ በሌላ መኪና ያስጫኑ ሰው ናቸው። በመጡ ማግስት ምንጩ ላይ ወጥተው ቱቦውን ወደ ፀሐይ አንስተው ሲያዩ አብሬያቸው ነበርኩ።

"ክሎሪን ማለት ፖሊስ ነው" አሉኝ። "ሌባ ያዝ ብለህ ገበያ ትልከዋለህ። እሱ መንገድ ላይ ከጎመን ሻጮች ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል። ሌባው በአጠገቡ ሲያልፍ ጉልበቱ አልቋል። ጎመኑ ይኸ የእናንተ ቅጠል ነው። መጀመሪያ ጎመኑን ከመንገድ አንሳ፣ ከዚያ ፖሊሱን ላክ፤ ጥቂትም ይበቃሃል።"

ሽታውስ ብላቸው፣ እሱ የጠቡ ሽታ ነው አሉኝ።

ጎመኑን ለማንሳት ከሰል ያስፈልጋል አሉ። የምድጃ ከሰል አይደለም፤ በልዩ እሳት የተሠራ፣ እንደ ኑግ የደቀቀ፣ በጆንያ የሚመጣ። ፕሮጀክት ጠይቀው፣ ደሴ ተመላልሰው፣ ያልለመኑት ሰው የለም። እሳቸው ሲለምኑም እንደሚሳደቡ ነው፤ ሰው ከፊታቸው ለመገላገል ሲል ይሰጣቸዋል። ጆንያዎቹ የደረሱ ዕለት ቦኖው ዘንድ ሰው ሰብስበው፣ የፕላስቲክ ጀሪካን ቆርጠው ከሰሉን ሞሉበት፣ ከላይ የኛን ሻይ መሳይ ውሃ አፈሰሱ። ከታች ኩልል ያለ ውሃ ወጣ። ሕዝቡ አንገቱን አስግጎ አየ። በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ ጢማቸውን እያሻሹ እንዲህ አሉ፦

"ጌታችን በቃና ዘገሊላ ውሃውን ጠጅ አደረገ። እርስዎ ደግሞ ጠጃችንን ውሃ አደረጉብን። ከየትኛው ወገን ነዎት?"

ሁሉም ሳቀ፤ ከጋሽ አራጋው በቀር። ጎረቤታቸው ጠላ ሻጯ እትዬ ዝማም ግን ከሳቁ መሀል ብድግ ብላ ውሃውን ቀመሰችና፣ ጋሽ አራጋው፣ ይችን ከሰል ባሌንም ቢያጠጡልኝስ ምናልባት ይጠራ ነበር አለቻቸው። ሰውየው ሳይስቁ፣ ለባልሽ የሚበቃ ከሰል አገሪቱ ውስጥ የለም ብለው መለሱላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆኑ።

እኔ ደግሞ ብልጥ ልሁን ብዬ፣ እንግዲህ ከሰሉ ቆሻሻውን ይመጠዋል ማለት ነዋ አልኳቸው። ጉድ ፈላ። ስፖንጅ መሰለህ ወይ አሉኝ። አይመጥም፤ ይለጠፍበታል። የከሰሉ ገላ በዓይን የማይታይ ጉድጓድ ነው፣ በየጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ቅጠሉ ይለጠፋል። የአንዷ እፍኝ ግድግዳ ቢዘረጋ የከተማውን ኳስ ሜዳ ይሸፍናል። ይህን ስሰማ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ የባሰ አጋናኝ አገኘሁ ብዬ ልቤ ሞቀ። ኋላ ላይ አንድ መምህር ስጠይቅ አላጋነኑም፤ ቀንሰውም ነው አለኝ። በጣም ከፋኝ።

"የሚለጠፍበት ቦታ ሲያልቅ ከሰሉ ይጠግባል" ብለው ጨረሱልኝ። "የጠገበ ይለወጣል። በቃ። ይህን ብቻ ያዝልኝ፣ አንተ ቅጠል።"

የማጣሪያው ጋን ተሠራ። ውሃው ጠራ፣ ሽታው ጠፋ። እውነቴን ነው፣ ወደ ወንዝ የሚወርደው ጎዳና ሣር አበቀለ። የእትዬ ዝማም ጠላ እንዲያ ጠርቶ አያውቅም ነበር፤ ሰካራሞቹ ሳይቀሩ ጤነኛ መሰሉ። ያን ክረምት ከኛ ከተማ የሕፃን ሬሳ አልወጣም። ጋሽ አራጋው ግን ደስታቸውን በፊታቸው ላይ ማሳየት አያውቁበትም፤ ቦኖው ጋ ቆመው ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ጀሪካናችሁን እጠቡ እያሉ ይሰድቡ ነበር።

ከሰሉ የጠገበው በክፉ ጊዜ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት። የተቃዋሚው ምልክት ስለሆነ ሁለት ጣት ማሳየት የሚያስጠይቅበት ሰሞን ነበር፤ ሁለት ቢራ ማዘዝ የፈለገ ሰው ሦስት ጣት አሳይቶ አንዱን ቢራ ለማያውቀው ሰው የሚጋብዝበት። በዚያ ሰሞን ውሃው ትንሽ ትንሽ ሻይ መምሰል ጀመረ። ጋሽ አራጋው ቱቦውን አነሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ ለማጣሪያው ሠራተኞች ማስታወሻ እንዲሆን በካርቶን ላይ በትልልቁ ጽፈው በጋኑ ላይ አንጠለጠሉ፦

"ጠግቧል። ይለወጥ።"

ጋኑ ያለው ደግሞ ገበያ መውጫው ላይ ነው። ቅዳሜ ነበር። ገበሬው ፊደል የሚያውቅ ልጁን አስነብቦ ይሰማል፣ ዞር ብሎ የሰማው እንዳለ ያያል፣ ደግሞ እንደገና ያስነብባል። ከቀትር በፊት ወሬው ላሊበላ ደረሰ። ሰው ከወዳጁ ጋር ሲገናኝ አንዱ ጠግቧል ይላል፣ ሌላው ይለወጥ ይላል፣ ተያይዘው ወደ ጠላ ቤት ይገባሉ። የከተማው የድርጅት ጉዳይ ኃላፊ አቶ ፈንታው ካርቶኑን በገዛ እጁ ገነጠለው። ሰኞ ለግምገማ ተጠራን።

አቶ ፈንታው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ጋሽ አራጋውን አክብሮ አስቀምጦ፣ ይህ ጽሑፍ ምን ለማለት ተፈልጎ እንደሆነ በግልጽነት መንፈስ ለመድረኩ ያብራሩ አላቸው። መውጫ በር እየከፈተላቸው ነበር። ከሰል ነው ብለው አጭር አድርገው ቢቀመጡ ነገሩ ያልቅ ነበር። ጋሽ አራጋው ግን ያልገባው ሰው ሲያዩ እንደ ሕፃን አስረድተው ካልጨረሱ አይቀመጡም። ተነስተው ጋዋናቸውን አስተካከሉ።

"በጣም ቀላል ነው፣ አቶ ፈንታው። ተለጣፊው ሲበዛ ይጠግባል። የጠገበ ደግሞ ታጥቦም አይመለስም፤ ይለወጣል። ካልተለወጠ የለጠፈውን ሁሉ መልሶ ሕዝቡ ላይ ይተፋል።"

 በዚያ ዘመን ተለጣፊ የሚባለው ማን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ከገዢው ድርጅት ጎን የተለጠፉትን ትናንሽ ድርጅቶች ተቃዋሚው የሚሰድብበት ስድብ ነበር። ጋሽ አራጋው ኬሚስትሪ ተናግረው ተቀመጡ፤ እኛ ግን በዚያ ዓመት ከተደረጉት የአደባባይ ንግግሮች ሁሉ ደፋሩን ሰማን። አንድ ሰው ከኋላ ሊያጨበጭብ ጀምሮ እጁን ኪሱ ከተተ።

ወደ ጣቢያ ተወሰዱ። የታሰሩት ከሌባና ከሰካራም ጋር ነው፤ እዚያም የእስረኞቹን የውሃ በርሜል በቱቧቸው መርምረው ፖሊሶቹን ቅጠል ብለው ሰደቡ ይባላል። ለጥቂት ሳምንታት ከቆዩ በኋላ ተለቀቁ፤ ከሥራ ግን ታገዱ። ከሰሉም አልተለወጠም። የግዢ ጥያቄው ላይ "ከሰሉ ስለጠገበ" የሚል ስላለበት ማንም ሊፈርምበት አልደፈረም።

ለዚህ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ለጠገበ ከሰል ሌላ ቃል መፈለግ ሥራው ነበር፤ ቆጣሪ አንባቢ ሕዝብ ዘንድ ይገባል ተብሎ እኔም ተጨመርኩ። አረጀ እንበል አለች አንዷ፤ ማን ነው ያረጀው ተባለች። ደከመ አለ ሌላው፤ እሱማ የባሰ ነው ተባለ። ቆሸሸ ሲባል ሰብሳቢው ጆሮውን ያዘ። እኔ በተራዬ ሞላ ብንለውስ አልኩ። ሞልቶ ሊፈስ ነው ማለትህ ነው ወይ ተብዬ ግለሂስ ላደርግ ምንም አልቀረኝም። በመጨረሻ አቶ ፈንታው ራሱ አገኘው። ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ። "በከሰሉ ላይ የአቅም ክፍተት ታይቷል" ተባለ። ጋሽ አራጋው ይህን ጽፈው ይፈርሙ፤ ወደ ሥራቸው ይመለሱ፤ ጥያቄው ወደ ዞን ይሂድ።

ወረቀቱን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሚስታቸው አብራኝ ለመነች። አነበቡትና ሳይፈርሙ መለሱልኝ።

"ጋሼ፣ ቃል ነው እኮ" አልኳቸው። "ፈርመው ይስጡኝና ከሰሉ ይምጣ። የመጣ ቀን የፈለጉትን ስም ያውጡለት።"

"ጠገበ ካልከኝ እለውጠዋለሁ" አሉኝ፤ እንደ ልማዳቸው ሳይጮኹ። "ክፍተት ካልከኝ ልሞላው እነሳለሁ። የሞላ ነገር ላይ ልትሞላ ነው? ቃሉን ከለወጥክ የምታደርገውም ነገር ይለወጣል።"

እውነት ለመናገር ያኔ ግትርነት ነው የመሰለኝ። ዛሬም ግማሹ ግትርነት ይመስለኛል። ውሃው ከበፊቱም ጠቆረ፤ የጠገበው ከሰል የለጠፈውን ይለቅ ጀመር። ቢሮው እንደ ድሮው ክሎሪን ጨመረ፣ ጠቡ በየቤቱ ሸተተ፣ ወደ ወንዝ በሚወስደው ጎዳና ላይ የበቀለው ሣር ተረገጠ። እትዬ ዝማም እየተሳደበች ወረደች። ያ የርስዎ ከሰል አስለምዶ ከዳኝ፣ እንደ ባሌ አለቻቸው በአጥር ላይ።

ክረምቱ ሲገባ አተት መጣ። በመንግሥታችን ዘመን ኮሌራ የሚባል በሽታ አገራችን ገብቶ አያውቅም፤ ሰው የሞተው በአተት ነው። እትዬ ዝማም በአንድ ቀን ውስጥ አለቀች። ጠዋት ጥንስሷን ስታማስል ያየኋትን ሴት በማግስቱ ቀበርናት። ባሏ፣ ያ በከሰል የማይጠራው፣ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሳይጠጣ ቆሞ ነበር።

 ጋሽ አራጋው ከቀብሩ በማግስቱ ጋዋናቸውን አጥበው ለብሰው ቢሮ መጡ። ወረቀቱን አምጣ አሉኝ። ሳያነቡ ፈረሙት።

ወረቀቱ ወደ ዞን ሄደ። መልስ እስኪመጣ ድረስ በየቀኑ ጠዋት መንገዱ ዳር ቆመው ጆንያ የጫነ መኪና ይጠብቁ ነበር። ሰው ሲያልፍ ስለ ውሃው አይጠይቁም፤ ሰላምታ የሚሰጡት እንደማንኛውም ሰው ደህና ዋላችሁ ብለው ነው። በመጨረሻ መኪና መጣ። ላንድክሩዘር ነበር። ከውስጡ አንድ ክራባት ያሰረ ወጣትና የተጠቀለለ ሸራ ወረደ።

ወጣቱ አሠልጣኝ ነው። የአቅም ክፍተት ስለታየ የአቅም ግንባታ ተልኮልናል። ሸራው ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሲዘረጋ "የከ.ሰ.ል. የማስፈጸም አቅም ማጎልበቻ ሥልጠና" ይላል። በፊደሎቹ መካከል ነጥብ ነበር። ነጥቦቹን ሳይ ሳቄ መጣ፣ ጋሽ አራጋውን ሳይ ተመለሰ። ፊት ወንበር ላይ ጋዋናቸውን ቆልፈው እንደ ተማሪ ተቀምጠዋል። ሥልጠናው ቀኑን ሙሉ ሆነ። ስለ ራዕይ፣ ስለ ተልዕኮ፣ ስለ ባለድርሻ አካላት ተማርን። ጠረጴዛው ላይ የተደረደረው የታሸገ ውሃ ነው፤ የቧንቧውን የጠጣ የለም።

በማጠቃለያው አሠልጣኙ ከሠልጣኞች አንጋፋው አስተያየት ይስጡ አለ። ጋሽ አራጋው ተነሱ። አቶ ፈንታው ወንበሩን ያዘ። እኔም ደግሞ ዛሬ ምን ሊሉ ነው ብዬ ተጨነቅኩ፤ ግማሽ ልቤ እንዲሉት ይፈልግ ነበር።

"ክፍተቶቻችንን ለይተናል" አሉ። "አቅጣጫም ተቀምጧል። ለተሰጠን ሥልጠና እናመሰግናለን።"

አዳራሹ አጨበጨበ። የምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ። ከመድረኩ ከመውረዳቸው በፊት ግን ወደ ወጣቱ ጎንበስ ብለው፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ ሰው ለሹም እንደሚናገረው አድርገው ጠየቁት።

"ልጄ፣ ከሰሉ መቼ ነው የሚላክልን?"

ወጣቱ ደግ ልጅ ነው፤ ለመርዳት ፈልጎ በትጋት አያቸው፣ ከዚያ ወደ ሸራው ዞሮ ነጥቦቹን አየ።

"የትኛው ከሰል?" አለ።

ጋሽ አራጋው ከአዳራሹ ወጡ። ተከተልኳቸው። ረጅም እግራቸው ስለቀደመኝ ገበያ መውጫው ጋ ስደርስ የጋኑን ክዳን ከፍተው፣ ከዘበኛው ከአያ ደሴ ጎጆ አካፋ ወስደው፣ ከሰሉን እየዛቁ ወደ ውጭ ይጥሉት ነበር። የምስክር ወረቀቱ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከቱቦው ጎን ተጠቅልሎ ተሰክቷል። የጠገበ ከሰል ካለበት ጋን ባዶው ይሻላል፤ ይህን እኔም አውቀው ነበር። እርጥቡ ከሰል መሬቱ ላይ እየተከመረ ሄደ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ቆመው፣ ሲደርቅ ለምድጃ ይሆን እንደሆነ እርስ በርሳቸው ይጠያየቁ ነበር።

አያ ደሴ ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣ። ያከብራቸው ስለነበር ዱላውን ከጀርባው ደበቀው።

"ጋሽ አራጋው፣ ኧረ በሞቴ፣ ማን ፈቅዶልዎት ነው?"

ቀና ሳይሉ፣ "ሠልጥኛለሁ እኮ" አሉትና ሌላ አካፋ ዛቁ።